«ልጆቹ ምንም አያውቁም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ከሥራ ከተቀነሰ አራት ወሩ ነው። ለልጆቻችን አልነገርናቸውም። ጠዋት ለባብሶ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል፤ ልጆቹ ምንም አያውቁም። ግን ቤታችን ሰላም የለውም። እሱ በረባ ባልረባው ይቆጣል፣ እኔ ሰበብ ፈልጌ አለቅሳለሁ። የሰባት ዓመቱ ልጄ ደግሞ ከተወው ሦስት ዓመት ሆኖት፣ አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምሯል። ምን ይሻለኛል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን ሐኪም ይየው። ከተወው በኋላ እንደገና ሲጀምር ጭንቀት አንዱ ምክንያት ነው። ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ስኳርም ሊሆን ይችላል። ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ ነገ ዛሬ አትበዪ። እንዳትቆጪው ደግሞ፤ ተኝቶ ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ። ሩበን ሂል የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር፣ አባት ዘምቶባቸው የተመለሰላቸውን ቤተሰቦች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ ነገር ጻፈ። አንዱን ቤት የሚያናጋው መከራ ሌላውን ለምን አያናጋውም? ሦስት ነገር አለበት አለ፦ የመጣው ችግር፣ ቤተሰቡ በእጁ ያለው አቅም፣ ለችግሩ የሚሰጠው ትርጉም። እኔን የቆረቆረኝ ሦስተኛው ነው። እናንተ ለልጆቹ ምንም አላላችኋቸውም። ልጅ ደግሞ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ታሞ «ትንሽ ደክሞት ነው» ተባልን። ማታ ማታ ግን እናቴ ቧንቧውን ለቃ ዕቃ ስታጥብ እሰማለሁ። ታጥቦ ያለቀ ዕቃ! ለካ ልቅሶዋ እንዳይሰማ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት አባቴን አናድጄው ነበር። ያሳመምኩት እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ማን ጠየቀኝ?

ስለዚህ ንገሯቸው። ባለቤትሽ ራሱ ቢናገር ይሻላል። «ሥራዬ ቆሟል። ሌላ እየፈለግኩ ነው። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም።» በቃ፣ ይኸው ነው። «በቅርብ አገኛለሁ» ብሎ ቃል አይግባ፤ መቼ እንደሚያገኝ አያውቅማ። ደግሞ በየጠዋቱ ለባብሶ መውጣቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ያውም ደመወዝ የሌለው። ከዚያ ቢገላገል ቁጣውም ሳይቀንስ አይቀርም።

የገንዘብ ጉዳይ ሲነሳ ቀኑን ሙሉ አትነታረኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ዝጉት። የልጆቹ የመኝታ ሰዓት ግን እንዳይዛነፍ።

ትንሹን ደግሞ ለብቻው ያዢውና «አባትህ ለምን የሚቆጣ ይመስልሃል?» በይው። ከዚያ ዝም በይ። ጨርሶ እስኪናገር አታርሚው።