ከፍ ያለ ካምፐርና ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ፦ ጥያቄና መልስ

ከፍ ያለ ካምፐር (መኝታ ያለው ተጎታች የጉዞ ቤት) ከመኪና ኋላ ስለመጎተት፣ በተለይ ስለ ጭረትና ስለ ቅርንጫፍ፣ ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱ።

ካምፐሬ አዲስ ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ ስመለስ የቀኝ ጎኑ ከፊት እስከ ኋላ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። በጣም ነው ያናደደኝ። ይለቃል?

አይዞህ፣ አብዛኛው ይለቃል። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ እጠበው። ጭረት ከሚመስለው ውስጥ ብዙው የቅጠል ጭማቂና አቧራ ነው። ከታጠበ በኋላ የቀረው ላይ ጭረቱን አቋርጠህ ጥፍርህን አሳልፍ። ጥፍርህ ካልያዘ ጭረቱ ላይ ላዩን ስለሆነ በፖሊሽ ይጠፋል። ከያዘ ግን ጠለቅ ብሏል። ፋይበርግላስ ከሆነ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ፣ ወደ 1500 ከዚያም ወደ 2000 እያለፍክ፣ ውሃ እያስነካህ ቀስ ብለህ ታሸዋለህ። መጨረሻ ላይ ፖሊሽና ሰም። ግን የላይኛው ሽፋን ስስ ነው፤ አብዝተህ ካሸኸው ያልቃል። ጎኑ ቀለም የተቀባ ላሜራ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አትንካው፤ በተመሳሳይ ቀለም መነካካት ይሻላል። የተለጠፉት ባለቀለም መስመሮች ላይም የፖሊሽ ማሽን አታሳርፍ፣ ጫፋቸው ይላቀቃል።

የጎን ጭረት መልክ ያበላሻል እንጂ ካምፐር አይገድልም። ሐሳባችሁን ለጣሪያው ቆጥቡ። ከታች እመለስበታለሁ።

ቁመቱን መጽሐፉ ላይ አይቼዋለሁ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም። ጣሪያው ላይ የተገጠመው ኤሲ፣ የአየር ማስወጫው ክዳንና አንቴናው ሁሉም ቁመት ይጨምራሉ። ካምፐሩን ከመኪናው ጋር አገናኝተሽ፣ ጎማው በደንብ ተነፍቶ፣ ሜዳ ላይ ለኪው። አንድ ቀጥ ያለ ጣውላ በጣም ከፍ ባለው ነገር ላይ አስተኝተሽ፣ በውሃ ልክ አስተካክለሽ፣ ከጣውላው እስከ መሬት በሜትር ትለኪያለሽ። በዚያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። ያንን ቁጥር በትልቁ ጽፈሽ ከመሪው ፊት ለጥፊው። ሌላ ሰው ሲነዳም ያየዋል።

የድልድዩ ከፍታ ምልክት 3.5 ሜትር ይላል፣ የኔ 3.3 ነው። ልለፍ?

ምልክቱ ትክክል ከሆነና 3.3ቱ ያ 30 ሳንቲ ሜትር የተጨመረበት ከሆነ ያልፋል፤ ቀስ ብለህ ግን። ድልድዩ ስር መንገዱ ጎድጎድ ካለ ረጅም ካምፐር በጎድጓዳው ላይ እንደ ድልድይ ስለሚዘረጋ መሃሉ ወደ ላይ ይጠጋል። አስፋልቱ ላይ ሌላ አስፋልት ተደርቦበት ከሆነም ከፍታው ቀንሷል። ዛፍ ደግሞ ምልክት የለውም። ዝናብ የጠጣ ቅርንጫፍ ይከብድና ትናንት ካየኸው ዝቅ ብሎ ይጠብቅሃል።

ጠባብ መንገድ ላይ ከፊት መኪና ሲመጣብኝ ወደ ጠርዝ እወጣለሁ። ሁሌም የምጫረው ያኔ ነው።

ምክንያቱን ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የመንገድ ጠርዝ ዘቅዘቅ ይላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 2 ሜትር ቢኖር፣ የካምፐሩ ቁመት ደግሞ 3 ሜትር ቢሆን፣ የጠርዙ ጎማ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ አናቱ ወደ ዛፉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘነብላል። አንተ ስፖኪዮ ላይ ጎማህን ስታይ፣ አናቱ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ እየነዳህ ወደ ጠርዝ አትሽሽ። ዛፍ የሌለበት ቦታ ቀድመህ ቆመህ ያኛውን አሳልፈው። መንገዱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ወደ መሃል ጠጋ ብለህ ንዳ።

ላይ የሆነ ነገር ሲፍቅ ከሰማሁ ምን ላድርግ?

ቁሚ። ወዲያው ወደ ኋላ አትበይ። ቅርንጫፉ ከኤሲው ጀርባ ወይም ከጎኑ ከሚዘረጋው የጥላ ድንኳን ክንድ ኋላ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወደ ኋላ መመለስ ነቅሎ ይጥለዋል። ውረጂና ከሁለቱም ጎን እዪ። ቀጭንና እርጥብ ከሆነ ይተጣጠፋል፣ በዝግታ ይለቃል። ከአውራ ጣት የወፈረ፣ የደረቀ ወይም ጫፉ የተቆረጠ ከሆነ ግን አትግፊው። እንደ ጦር ይወጋል። ሰው በረጅም እንጨት ያንሳልሽ፣ ካልሆነም በእጅ መጋዝ ይቆረጥ።

መቁረጥ ይፈቀዳል?

ዛፉ የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ካምፕ ውስጥ ከሆነ ኃላፊውን። ብዙ ጊዜ ራሳቸው መጥተው ይቆርጡታል። አጠገቡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ግን በመጋዝም በእንጨትም አትንኩ። ለጭረት ሲባል ሕይወት አይሰጥም።

ቅርንጫፍ ጣሪያዬን የጣት ያህል ቀደደው። ዝናብ እየመጣ ነው።

ዛሬውኑ ዝጋው። ውሃ ከገባ ታች ያለው ኮምፔርሳቶ ይበሰብሳል። ከወራት በኋላ ግድግዳው ሲያብጥ ነው የምታውቀው፤ ያኔ ጥገናው ከባድ ነው። የብዙ ካምፐር ጣሪያ የጎማ ሽፋን አለው። የተቀደደውን ዙሪያ በውሃና በሳሙና አጽዳ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረገው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ያለበት ማጽጃ አታስነካ፣ የጎማውን ሽፋን ያሳብጠዋል። ከዚያ ለጣሪያ የተሠራ የቡቲል ቴፕ (አጥብቆ የሚይዝ የጎማ ቴፕ)፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፈህ ለጥፍ። አየር እንዳይቀርበት በሮለር ከመሃል ወደ ዳር እየጫንክ ሂድ። ጠርዙን በጣሪያ ማሸጊያ ዝጋ።

ተራ ሲሊኮን አትጠቀም። አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይይዝለትም። ጣሪያ ላይ ስትወጣም ሰፊ ጣውላ አንጥፈህ ተንበርከክ፤ እርጥብ ከሆነ ጭራሽ አትውጣ። ዝናቡ ከቀደመህ በሸራ ሸፍነህ ማድረቂያ ሰዓት ጠብቅ።

ሳትነካ ያለፍክ ቢመስልህ እንኳ ከቅርንጫፋም መንገድ በኋላ መሰላል አቁመህ እየው። የአየር ማስወጫ ክዳኖች ፕላስቲክ ናቸው፣ በቀላሉ ይሰነጠቃሉ።

ወደ ኋላ ስገባ ባለቤቴ ያስመራኛል። ሁሌ እንጨቃጨቃለን።

ከመጀመራችሁ በፊት ምልክት ተስማሙ። አንድ ቃል ብቻ ትእዛዝ ይሁን፦ «ቁም»። ስትሰማው ለምን ብለህ ሳትጠይቅ ፍሬን ያዝ። እሷ በስፖኪዮ የምትታይበት ቦታ ትቁም፤ ከጠፋችብህ አንተም ቁም። ብዙ አስመሪ የሚያየው መሬቱን ነው። ወደ ላይ እንድታይ ንገራት። መሪ ስትጠመዝዝ የኋላው ጫፍ ወደ ተቃራኒው ጎን እንደሚወጣም አትርሱ፤ እዚያ ጋ የቆመ ዛፍ ካለ የሚነካው እሱ ነው።

መስኮቱም ተጭሯል። መስታወት ማጽጃ ይሆናል?

የካምፐር መስኮት ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ነው። አሞኒያ ወይም አልኮል ያለበት ማጽጃ ይሰነጣጥቀዋል። ለፕላስቲክ የተሠራ ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ፣ ብዙ ሳትጫን እሸው። ቀለል ያለው ጭረት ይጠፋል፣ ጥልቁ ይደበዝዛል።