ፍሬን ስትይዝ «ቋ» ካለ፣ ዲስክ ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። መኪናው ያረጀ ነው፣ ፍሬኑ ከፊት የዲስክ፣ ከኋላ የታምቡር ነው። ፍሬን ሲያዝ ከፊት በኩል አንዴ «ቋ» ይላል። የፊት የፍሬን ሸራ (ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመው) ተቀየረለት፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። አሁን ደግሞ ዲስኩ ይቀየር ተብሏል። ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ ነው የምትለኝ።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ይቅርብህ። ዲስክ ሲበላሽ ፔዳሉ እግርህ ሥር ይርገበገባል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። አንዴ «ቋ» ብሎ ዝም ማለት የዲስክ ጠባይ አይደለም። ፍሬን ስትይዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፣ ጎማውን ደግሞ መንገዱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በመሃል የላላ ነገር ካለ፣ የፍሬን ዕቃ ሆነም አልሆነም፣ ከቦታው ይንሸራተትና ብረት ከብረት ይገጫል። ስለዚህ የምንፈልገው የላላውን ነገር ነው።

መጀመሪያ የጎማ ብሎኖቹን አጥብቅ። ሰሞኑን ጎማ ወልቆ ከነበረ ይሄ ግዴታ ነው። ከዚያ የዕቃ መጫኛውን ክፈት፤ ያልታሰረ ትርፍ ጎማ ወይም ክሪክ ስንቱን ሰው ጋራዥ ለጋራዥ አንከራቷል። መኪናው ቆሞም ፔዳሉን ስትረግጥ ድምፁ ከመጣ ደግሞ ጎማ ሥር አትልፋ፣ ችግሩ ፔዳሉ ራሱ ወይም የታሰረበት ቦታ ነው።

አሁን ሰው የማይመላለስበት ደልዳላ ሜዳ ፈልግ። መስኮቱን አውርድ፣ ሬዲዮ ዝጋ። በእግር ጉዞ ፍጥነት ወደ ፊት ሂድና ፍሬን ያዝ። «ቋ» አለ? ኋላ ማርሽ ሳታስገባ እንደገና ትንሽ ወደ ፊት ሂድና ያዝ። አሁን ዝም ካለ፣ ወደ ኋላ ሂድና ያዝ። ወደ ኋላ ስትይዝ አንዴ «ቋ» ካለ፣ ከዚያም አቅጣጫ በቀየርክ ቁጥር የመጀመሪያው ላይ ብቻ ከደገመው፣ የሆነ ነገር ቦታው ሰፍቶት አንድ ጥግ ላይ ሄዶ ይቀመጣል፣ እስክትመልሰው ድረስም እዚያው ይቆያል ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሸራው ነው። ወደ ፊት በያዝክ ቁጥር ሳያሰልስ የሚጮህ ከሆነ ግን ወደ ብራቾው ላስቲክ (ብራቾ ማለት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው) አዘነብላለሁ፤ ፍሬኑን ስትለቅ ወደ ቦታው ይመለሳልና።

ሸራው አዲስ ነው እኮ ትለኝ ይሆናል። እኔም የጠረጠርኩት ለዚያ ነው። ሸራው ግራና ቀኝ ጆሮ አለው፤ ጆሮው የሚገባበት ቦታ ላይ ስስ የብረት ሞላ ይቀመጣል። ሸራ ሲቀየር ይህቺ ብጣሽ ብረት ዝጋለች፣ ታጥፋለች ተብላ ትጣላለች። ያለ እሷ ሸራው መያዣው ውስጥ ይጫወታል። ጎማውን አውልቅና ሸራውን በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ አድርገው። ኳ ኳ ካለ ሞላዋ የለችም፣ ወይም የተገዛው ሸራ ልኩ አይደለም። እዚያው እያለህ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ካሊፐር ጨብጠህ ነቅንቀው። የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ከተበሉ ይወዛወዛል። ደርቀው ብቻ ከሆነ ይጸዱና ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ይቀቡ። ተራ ግራሶ እንዳይነካቸው፣ የአቧራ መከላከያ ጎማውን ያሳብጠዋል። የካሊፐሩን መያዣ ያሰሩትን ትልልቆቹን ብሎኖችም በቁልፍ ሞክራቸው።

ወደ ብራቾው እንምጣ። በአሮጌ መኪና ከሸራ ቀጥሎ የምጠረጥረው የብራቾውን የኋለኛ ላስቲክ ነው። ረጅም ብረት አስገብተህ ብራቾውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው። ላስቲክ ስለሆነ ትንሽ መለጠጡ ያለ ነው፤ ተቀዶ ከብረቱ ከተላቀቀ ግን ዓይንህ እያየ ብራቾው ይሄዳል። ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብህም ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ኩሽኔታን (ጎማው የሚሽከረከርበትን) እና ቴስቲናን (ብራቾው ወይም መሪው ከጎማው ጋር የሚገናኝበትን መገጣጠሚያ) ለመለየት ጎማውን ከመሬት አንሳ። ክሪክ ብቻ አትመን፣ ሥሩ ጠንካራ ማቆሚያ አስገባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተጫወተ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝልህና ድገመው። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የብራቾውን ቴስቲና ተመልከት። ግራና ቀኝ ይዘህ ስትወዘውዘው ብቻ ከተጫወተ የመሪው ቴስቲና ነው።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ጆሮህ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ድምፅ በሻንሲው ላይ ስለሚጓዝ ከኋላ የመጣው ከፊት የመጣ ይመስላል። እዚያው ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄድክ በእጅ ፍሬን ብቻ ቁም። በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬን የኋላውን ጎማ ነው የሚይዘው፤ ድምፁ ያኔም ከመጣ ታምቡሩን አስከፍት። ሸራው የሚደገፍበት ሳህን ተበልቶ ጎድጎድ ሲል፣ ሸራው ይይዘውና በድንገት ሲለቀው ይጮሃል። ታምቡሩ በቅርቡ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከነበረ ሌላም ነገር አለ። የቶርኖው ስለት እንደ ብሎን ጥርስ ጠመዝማዛ መስመር ትቶ ከሆነ፣ ሸራውን ወደ ውጭ ይስበውና መልሶ ይለቀዋል። መስመሩን በብርጭቆ ወረቀት አቋርጦ ማጥፋት ይበቃዋል። ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ አክሱሉን ከባሌስትራው ጋር ያሰሩት ብሎኖች ይታዩ።

የካሊፐር መያዣ ብሎን ወይም የባሌስትራ ብሎን ላልቶ ካገኘህ፣ ወይም የብራቾው ቴስቲና ከተጫወተ፣ ጋራዥ ድረስ ቀስ ብዬ ልንዳው እንዳትል። ካሊፐሩ ሊወልቅ፣ ጎማው ሊታጠፍ ይችላል። መካኒኩ አንተ ጋ ይምጣ፣ ካልሆነም መኪናው ተጭኖ ይሂድ።