መልስ፦ ፓራሹት የሚዘል ጦር ሁሉ ልዩ ኮማንዶ ነው?

ወንድሜ፣ «ፓራሹት የሚዘል ጦር ሁሉ ልዩ ኮማንዶ ይባላል ወይ?» ላልከው፣ አይባልም። የእንግሊዝን ፓራሹት ሬጅመንት ውሰድ። ምርጥ እግረኛ ጦር ነው፣ ማንም አይክደውም። ኤስኤኤስ የሚባለው የእንግሊዝ ልዩ ኮማንዶ ግን ሌላ ነው። ከዛው ሬጅመንት የመጣ ወታደር እንኳ ምርጫውን እንደ አዲስ ያልፋል። የዌልስ ተራራ ላይ ከባድ የጀርባ ቦርሳ ተሸክሞ፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ ብቻውን ይጓዛል። «በርታ!» የሚለው የለም፣ የሚጮህበትም የለም። የሚፈለገው ጡንቻ ብቻ አይደለም። ድካም ጨርሶትም በራሱ የሚያስብ ሰው ነው።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ግን ሌላ ነገር አለ። ጎበዝ ወታደር ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካኖች ኢራን ውስጥ የታገቱባቸውን ሰዎች ለማስለቀቅ ዴልታ ፎርስ የተባለውን ልዩ ኮማንዷቸውን ላኩ። ከተነሱት 8 ሄሊኮፕተሮች ለሥራ ብቁ ሆነው የቀሩት 5 ብቻ ነበሩ፤ ቢያንስ 6 ያስፈልግ ነበር። ተልእኮው ተሰረዘ። ካረፉበት የኢራን በረሃ ለመመለስ ሲዘጋጁ አንዱ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨና 8 ሰው ሞተ። ያ ሁሉ የሠለጠነ ኮማንዶ ቴህራንን ሳያይ ተመለሰ! ለልዩ ተልእኮ በሌሊት መብረር ዋና ሙያው የሆነው 160ኛው የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተር ክፍል የተቋቋመው ከዚህ ውድቀት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የአሜሪካ ምድር ጦር፣ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ልዩ ኃይሎች በአንድ እዝ ሥር ገቡ።