አንድ ከተማ፣ አንድ ፏፏቴ፣ አንድ ቀን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከአስጎብኚ ጋር ጠዋት ወጥቶ ማታ ስለመመለስ ናቸው፤ በተለይ ጥንታዊ ከተማና ፏፏቴ በአንድ ቀን ስለሚታዩበት ጉዞ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት መርሐ ግብር ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥቶ ምሽት 12 ሰዓት የሚመለስ ነው። ሦስት ጥንታዊ ከተሞችና አንድ ፏፏቴ ያሳያል፤ መንገዱ ደርሶ መልስ 420 ኪሎ ሜትር ነው። ዋጋው አንድ ከተማና አንድ ፏፏቴ ብቻ ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው። ብዙ የሚያሳየው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። እርሳስ ይዘው ያስሉት። ያለዎት 11 ሰዓት ነው። አውቶቡስ በጠመዝማዛ መንገድና በከተማ መግቢያ እየተጓተተ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መንገዱ ብቻ 7 ሰዓት ይበላል። 4 ቀረ። ምሳ 1 ሰዓት፤ 3 ቀረ። 30 ሰው ወርዶ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሶ፣ ተቆጥሮ እስኪሳፈር በየማቆሚያው ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሄዳል፤ ለአራቱ ማቆሚያ 1 ሰዓት። ከቀሩት 2 ሰዓታት አንዱ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ፏፏቴው ለመሄድና ለመመለስ ነው። ለሦስቱ ከተሞች የተረፈው 60 ደቂቃ ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ይደርሳል። በ20 ደቂቃ የከተማውን በር ከውጭ አይተው ፎቶ ይነሣሉ እንጂ አንድ ግንብ ውስጥ ገብተው አይወጡም።

ሾፌሩም ዕረፍት አለው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአውቶቡስ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ይገባዋል፤ በቀን የሚነዳውም በመደበኛው ከ9 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሕጉ በሌለበትም ድካሙ ያው ነው። ከልክ በላይ የታጨቀ መርሐ ግብር ሲዛነፍ፣ የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ማታ በጨለማ በፍጥነት ይነዳል። እኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው።

ለ11 ሰዓት ጉዞ የምንመክረው ክፍፍል ይህ ነው፦ መንገድ 4 ሰዓት፣ ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፏፏቴ 2 ሰዓት፣ ምሳ 1 ሰዓት፣ መውረድና መሳፈር ግማሽ ሰዓት። የተረፈው 1 ሰዓት ምንም አይመደብበት፤ የመንገድ መዘጋትና የሚዘገይ ሰው መቼም አይጠፋምና። ይህ የሚሆነው ደርሶ መልሱ 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ የሚርቅ ከሆነ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከከተማውና ከፏፏቴው የቱ ይቅደም?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ፏፏቴው። በተራራማ አገር በሞቃት ወቅት ነጎድጓዱና ዝናቡ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጉልበትም ያለው ጠዋት ነው። ከተማ ውስጥ ዝናብ ቢይዝዎ ሙዚየም ወይም ቤተ ጸሎት ገብተው ይጠለላሉ፤ ገደል ሥር ግን መጠለያ የለም።

ይህን ምክር የሚለውጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ፏፏቴው የዞረበት አቅጣጫ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ጠዋት ይበራል፤ ወደ ምዕራብ የሆነ ግን እስከ ቀትር ድረስ ጥላ ውስጥ ነው። ቀስተ ደመናውን ማየት የሚፈልግ ሰው ፀሐይዋን ከጀርባው፣ የውሃውን ርጭት ከፊቱ ማድረግ አለበት። ቀስቱ የሚታየው ከራስዎ ጥላ አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ስለሆነ፣ ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች በኋላ ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ቀስቱ ይጠፋል። ከአፋፍ ላይ ቁልቁል ለሚያይ ግን በቀትርም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አስጎብኚውን «ፏፏቴው ወዴት ነው የዞረው? የምንቆመውስ ከላይ ነው ከታች?» ብለው ይጠይቁ። በትክክል የሚመልስ ሰው ቦታውን በእግሩ ያውቀዋል።

ከተማው የሚዘጋበትን ቀንም አስቀድመው ያጣሩ። በብዙ አገር ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፤ የጸሎት ቤቶችም በአገልግሎት ሰዓት ጎብኚ አያስገቡም። ከሰኞ ጉዞ የማክሰኞው ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ላይ ያየነው ፏፏቴ ገደሉን በሙሉ የሸፈነ ነበር። ስንደርስ ቀጭን ክር ሆኖ ጠበቀን። ተታለናል ማለት ነው?

መልስ፦ ፎቶው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የተነሣበት ወር ግን እናንተ የሄዳችሁበት አልነበረም። ፏፏቴ እንደ ግንብ ሁልጊዜ ያው አይደለም። ከመክፈልዎ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብዎ።

በዝናብ የሚመገብ ፏፏቴ የሚሞላው ዝናቡ ከበረታ በኋላ ነው፤ ትልቅ ወንዝ ከሆነ ደግሞ ጎርፉ ከሩቅ ስለሚመጣ ወራት ይዘገያል። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ያለው የቪክቶሪያ ፏፏቴ ከፍተኛው ሙላቱ ሚያዝያ አካባቢ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር በዛምቢያ በኩል ያለው ገደል በአብዛኛው ደረቅ ዐለት ይሆናል። ሙላቱ ሲበረታ ደግሞ የሚነሣው ጉም ራሱን ፏፏቴውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ «ብዙ ውሃ» ሁልጊዜ «ጥሩ እይታ» ማለት አይደለም፤ ሙላቱ መቀነስ የጀመረበት ወቅት ለዓይን ይሻላል።

በበረዶ ቅላጭ የሚመገበው በሌላ ሕግ ይሄዳል። 739 ሜትር የሚወርደው የካሊፎርኒያው ዮሰማይት ፏፏቴ በግንቦት አካባቢ ይሞላል፤ በረዶው ካለቀ በኋላ በበጋው ማብቂያ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። አገሩ ፀሐያማና ለጉዞ ምቹ የሆነበት ወር ለፏፏቴው የመጨረሻው ክፉ ወር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ሰው የሚከፍተውና የሚዘጋው ነው፤ ብዙ ጎብኚ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። በጣሊያን ያለው የማርሞሬ ፏፏቴ 165 ሜትር ይወርዳል፤ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ271 ውሃውን ገደል ላይ አውጥተው የሠሩት ነው። ዛሬ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚያገለግል ወደ ገደሉ የሚለቀቀው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ሰዓት ውጭ የደረሰ ሰው እርጥብ ዐለት አይቶ ይመለሳል። የጢስ ዓባይም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ማመንጫዎች ሲሠሩ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ይጠልፉታል፤ ሲያቆሙ ወደ ፏፏቴው የሚወርደው ውሃ ይጨምራል። ናያጋራን እንኳ አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈራረሙት ውል ይገዛዋል፦ በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን ቢያንስ በሰከንድ 2,832 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል፤ ሌሊትና ከወቅቱ ውጭ ግማሹ ይበቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አስጎብኚውን «ባለፈው ሳምንት የተነሣ ፎቶ ይላኩልኝ» ይበሉት። በየሳምንቱ ሰው የሚወስድ ከሆነ ስልኩ ላይ አያጣም። «ከላይ ማመንጫ አለ? ውሃው የሚለቀቀው በስንት ሰዓት ነው?» የሚለውንም ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉን፤ ሁለቱም ዋና ይችላሉ። ፏፏቴው ሥር ባለው ኩሬ እንዲዋኙ እንፍቀድ?

መልስ፦ ውሃው ከሚወርድበት ሥር፣ በፍጹም። ዋና መቻል እዚያ አያድንም። ውሃው ነጭ ሆኖ የሚታየው አየር ስለተቀላቀለበት ነው፤ አየር የበዛበት ውሃ ደግሞ ሰውን እንደ ተራ ውሃ አያንሳፍፍም። የሚወርደው ውሃ ወደ ታች ይደፍቃል፤ ከሥር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ላይ ላዩን ወደ ፏፏቴው መልሶ ይጎትታል። እዚያ የገባ ግንድ ለሰዓታት ሲንከባለል ይታያል። ከላይ ድንጋይና እንጨት አብሮ እንደሚወርድም አይርሱ።

ቅዝቃዜውም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ወደ ሳንባው ይስባል። ስለዚህ መዝለል የለም። አስጎብኚው ከፏፏቴው ራቅ ያለ፣ የተከለለና ጥልቀቱ የሚታወቅ ቦታ ካሳየ፣ ልጆቹ የልካቸውን የዋና ጃኬት ለብሰው፣ በእግራቸው ቀስ ብለው ይግቡ፤ አንድ አዋቂም ውሃው ውስጥ አብሯቸው ይቁም። ዳር ቆሞ መመልከት አይበቃም።

ከዚህም የሚከፋው ከፏፏቴው በላይ ያለው ወንዝ ነው። ከአፋፉ በላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት ብቻ የሚደርስና የተረጋጋ ይመስላል፤ ዐለቱ ግን አልጌ ስላለበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሰው ለፎቶ ብሎ የሚሻገረውም እዚያ ነው። ልጆችዎን ከአፋፉ በላይ ውሃ አያስነኩ።

የደራሽ ውሃን ምልክት ለልጆቹ አስቀድመው ያስተምሯቸው፦ ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ይጀምራል፣ ድምፁ ይለወጣል። እርስዎ ያሉበት ቦታ ፀሐይ ቢሆንም ከላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ሲያዩ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ዳገቱ መውጣት ነው፤ ወደ ወንዙ ቁልቁል መሮጥ ከውሃው ጋር መሽቀዳደም ነው።

በአንዳንድ ቦታ መዋኘት የተከለከለው ለሰው ብቻ ታስቦ አይደለም። በክሮኤሺያ የክርካ ብሔራዊ ፓርክ በስክራዲንስኪ ቡክ ፏፏቴ መዋኘት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። እዚያ ፏፏቴውን የሠራው ውሃው ውስጥ የሟሟው ኖራ በድንጋይ ሽበትና በተክል ላይ እየተጋገረ ነው፤ የብዙ ሰው እግር ሲረግጠው ይፈራርሳል። የቆዩ ጽሑፎች ግን አሁንም «የዋና ልብስ ያዙ» ይላሉ፤ ስለዚህ ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ለሁለቱም ቦታ የሚሆን አንድ ጫማ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ሶሉ ለስላሳ ጎማ ሆኖ በጥልቅ የተቦረቦረ፣ ጣትን የሚሸፍን፣ የሚታሰር ጫማ። ነጠላ ጫማ በእርጥብ ዐለትም በጥንታዊ ከተማ ድንጋይ ንጣፍም ያንሸራትታል፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የተረገጠ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው መስታወት ነው። አዲስ ጫማ አይሂዱበት። ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የኖረ የተራራ ጫማም አይሂዱበት፦ የመካከለኛው ሶል ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ቁስ ከሆነ በአየር እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበሰብስና ደኅና መስሎ ሳለ በመንገድ ላይ ይገነጠላል። ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ሰዓት ተራምደውበት ይፈትሹት።

ቅያሪ ካልሲ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ስስ ልብስ ለቤተ ጸሎቱ፣ ለስልክ የሚታሸግ ላስቲክ፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይያዙ። ጃንጥላ በፏፏቴ ነፋስ ስለሚገለበጥ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አስጎብኚው «መንገዱ ቀላል ነው» ይላል። ልመነው?

መልስ፦ «ቀላል» የሚለው ቃል በየሰዉ ጉልበት ይለያያል፤ ቁጥር ይጠይቁት። «ስንት ደረጃ አለው? መደገፊያ አለው? በየት በየት መቀመጫ አለ?» ደረጃውን ካላወቀ ቁልቁለቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ይንገርዎት። አንድ ደረጃ በአማካይ 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 60 ሜትር መውረድ 350 ደረጃ ያህል ነው፤ ያንኑ መልሶ መውጣትም አለ።

ለታመመ ጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከብዳል፤ ሲወጡ ልብ ይደክማል፣ ሲወርዱ ግን መገጣጠሚያው ይሸከማል። ብዙ ሰው ቁልቁለቱን እንደ ዕረፍት ቆጥሮ በፍጥነት ይወርድና ለመመለሻው ጉልበት ያጣል። እናትዎ ከወረዱ በጎን በኩል፣ መደገፊያ ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ምርኩዝ ይዘው፣ የሚያማቸውን እግር አስቀድመው ያውርዱ፤ ሲወጡ ደግሞ ጤነኛው ይቅደም። በየ50 ደረጃው ይቁሙ።

ብዙ ፏፏቴዎች መኪና የሚደርስበት የላይ መመልከቻ አላቸው። አስጎብኚው ቡድኑን ታች ይዞ ሲወርድ እናትዎ ከላይ ማን ጋር እንደሚቆዩ ከመነሣታችሁ በፊት ይስማሙ፤ ሾፌሩ ከሆነ፣ መኪናውን ይዞ ወደ ሌላ ማቆሚያ እንደማይሄድ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ክፍያ ከመፈጸሜ በፊት በጽሑፍ ምን ምን ላስረግጥ?

መልስ፦ የመግቢያ ትኬቶቹ በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን፣ የሁለቱንም ቦታ ለየብቻ። የቡድኑን ከፍተኛ ቁጥር፤ ከ15 በላይ ሲሆን በጠባብ መንገድ ኋላ ያለው ሰው ገለጻውን አይሰማም። ሾፌሩና አስጎብኚው ሁለት ሰዎች መሆናቸውን፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እየነዳ የሚያስረዳ ሰው አንዱን ሥራ ይበድላል። የገለጻውን ቋንቋ፤ በሦስት ቋንቋ የሚደጋገም ገለጻ የከተማውን ሰዓት ሲሦ ብቻ ይተውልዎታል። ፏፏቴው በጎርፍ ምክንያት ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለስ ወይስ ሌላ ቦታ ይተካ የሚለውን።

የመሰብሰቢያውን ቦታና የዘገየ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅም ያስጽፉ። ጠዋት ከአውቶቡሱ ሲወርዱ የሰሌዳ ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከሰዓት በኋላ በማቆሚያው አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው አሥር አውቶቡሶች ቆመው ያገኛሉ።