የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጂኦካሺንግ በፈንታሌ ግርጌ

ጥያቄ፦ አዳማ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ጂኦካሺንግ ጀምረናል፤ ሰው የደበቀውን ሣጥን በተሰጠው የቦታ ቁጥር እየተመሩ መፈለግ ማለት ነው። አንድ ወዳጃችን መተሐራ ለመነሻ ብሎ «8° 54.000 ሰሜን፣ 39° 55.000 ምሥራቅ» የሚል ቁጥር ሰጠን። ስልካችን ግን ነጥቡን ከአዳማ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አሳየን። በሌላ ቀን ደግሞ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የላንድክሩዘራችን የኋላ ጎማ ጎኑ ተቀደደ፤ ጎሚስታው አይጠገንም አለን። ነፋሱን ለአሸዋ ብለን ወደ 18 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ዝቅ አድርገነው ነበር። የራሳችንን ሣጥን መደበቅም እንፈልጋለን።

መልስ፦ የወዳጃችሁ ቁጥር ልክ ነው። ስልኩ ላይ 8.54 እና 39.55 ብላችሁ ሞልታችኋል። 54 ግን ደቂቃ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 54 ለ60 ሲካፈል 0.9 ይመጣል። መግባት የነበረበት 8.9000 እና 39.9167 ነው። በእናንተ አሞላል ነጥቡ ወደ ደቡብም ወደ ምዕራብም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቷል። ወዳጃችሁ በሰጣችሁ 54.000 ላይ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ሦስት ዜሮዎችም አትናቁ፤ የመጨረሻዋ አሃዝ በአንድ ስትለወጥ ቦታው ወደ ሁለት ሜትር ይንቀሳቀሳል። ከቆየ የወረቀት ካርታ ቁጥር የምትወስዱ ከሆነም ተጠንቀቁ። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ ሲሆን ጂፒኤስ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ ሜትር ያልፋል። በላቫ (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በደረቀው ጥቁር ድንጋይ) መሃል መቶ ሜትር የግማሽ ቀን ፍለጋ ነው።

ጎማውን የጎዳው ነፋሱ መቀነሱ ነው። 18 ፒኤስአይ ለአሸዋ ጥሩ ነው፤ ጎማው ተዘርግቶ አይሰምጥም። ድንጋይ ላይ ግን ጎኑ ወደ ውጭ ያብጥና ስለታሙ ላቫ በቀጥታ ያገኘዋል። መሬት የሚረግጠው ክፍል ወፍራምና ሽቦ ያለበት ነው፤ ጎኑ ስስ ሆኖ በየዙሩ ስለሚተጣጠፍ ልጥፍ አይይዝም። ጎሚስታው እውነቱን ነው። ድንጋይ ላይ ከ25 እስከ 28 ያዙ፣ በአንደኛ ማርሽ በእግረኛ ፍጥነት ሂዱ። ልኬቱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ውሰዱ፤ ሲሞቅ ቁጥሩ ስለሚጨምር ያንን አይታችሁ ነፋስ አታስወጡ። አሸዋ ላይ ከቀነሳችሁ ደግሞ አስፋልት ሳትገቡ ሙሉት፤ በፍጥነት የሚሽከረከር የላላ ጎማ ግሎ ይፈነዳል። ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ስኮርታና ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናውን ላቫው ጠርዝ ላይ አቁሞ የቀረውን በወፍራም ጫማ መሄድ ነው። ለሳጥን ፍለጋ ላቫው ላይ መንዳትን አንመክርም።

ስለ መደበቅ፦ መጀመሪያ ፈቃድ። ፈንታሌ ዙሪያ የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ስለሆነ ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ከሆነ ደግሞ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት። ከባቡር ሐዲድ፣ ከድልድይና ከመብራት ምሰሶ ራቁ። በጨዋታው ደንብ ሣጥን አይቀበርም፤ ከሌላ ሣጥንም ቢያንስ 161 ሜትር ይርቃል። በውጭ አገር የሚወደደው የጥይት ሣጥን እዚህ ሰው ያስደነግጣል፤ ውስጡ የሚታይ ክዳኑ የሚገጥም ፕላስቲክ ይሻላል። ክዳኑ ላይ «ጨዋታ ነው፣ አደገኛ ነገር የለውም» ብላችሁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉ። ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ከርሞ ስለሚሰነጠቅ ጥላ ያለው የድንጋይ ሥር ምረጡ፤ እጃችሁን ሳታስገቡ ግን በዱላ ፈትሹ፣ እባብና ጊንጥ ያንኑ ጥላ ይፈልጋሉ። ውስጡ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ እስክሪብቶ በሙቀቱ ይደርቃል፣ ምግብ ደግሞ ዝንጀሮ ይጠራል። የቦታውን ቁጥር በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ፤ ገደል አጠገብ የሳተላይቱ ምልክት እየነጠረ ያሳስታል።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ያዙ፤ ለራዲያተሩም ለብቻ ጫኑ። የበሰቃ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ራዲያተር ውስጥ እንዳታስገቡት።