ለደሴው ጠያቂ፦ የጊታሩን ማንነት ከውስጡ ይፈልጉት

ወንድማችን ከኮምቦልቻ ከአንድ የሠርግ ባንድ ተጫዋች የገዙት ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር የትኛው ሞዴል እንደሆነና የት አገር እንደተሠራ ጠይቀዋል። ሻጩ «የ62 አሜሪካን ፌንደር ነው» (ፌንደር የታወቀ የአሜሪካ ጊታር አምራች ነው) እንዳላቸው፣ የጊታሩ ራስ፣ ማለትም ክሮቹ የሚወጠሩበት ጫፍ ላይም የፌንደር ጽሑፍ እንዳለበት፣ ነገር ግን አንገቱን ከአካሉ ጋር በሚያስረው የኋላ ላሜራ ላይ አንድም ቁጥር እንዳላገኙ ገልጸዋል። ደሴ ውስጥ የባንዶችንና የሆቴሎችን ጊታር በመጠገን ስለምተዳደር ተመሳሳይ ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛልና፣ በለጠፏቸው ፎቶዎች ላይ ተመርኩዤ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

አስተያየቴን ላስቀድም። ይህ ጊታር ፌንደር አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወይም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ይመስለኛል፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ። «የ62» የሚለው የሻጩ አነጋገር ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ 1969 ወይም 1970 ማለት ነው፤ በእነርሱ ከሆነ ደግሞ ፌንደር በ1965 ሲቢኤስ ለተባለው የአሜሪካ የብሮድካስት ኩባንያ ከመሸጡ በፊት ያለው፣ ሰብሳቢዎች ዛሬ እጅግ ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍሉበት ዘመን ይሆናል። ሻጭ ይህን ልዩነት ሳያነሣ ሊያልፈው ስለሚችል መጠየቁ የገዢው ፋንታ ነው።

የቁጥሩ አለመኖር አንድ ምልክት ነው። ፌንደር ከ1950ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ እስከ 1976 ድረስ መለያ ቁጥሩን ይመታ የነበረው በዚሁ ላሜራ ላይ ሲሆን ከዚያ በኋላ ወደ ጊታሩ ራስ አዛውሮታል። ይሁንና ላሜራ በአራት ብሎን የሚፈታ ዕቃ በመሆኑ በሌላ ሊቀየር ይችላልና በእርሱ ብቻ አልፈርድም። ይበልጥ ያሳመነኝ በሁለተኛው ፎቶ ላይ የሚታየው ነው፤ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን የሚለያየው ነጭ ቁራጭ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም የተቀበረ ቀጭን ብረት) ተጠግቶ ይታያል። ይህ ዜሮ ፍሬት የሚባለው ሲሆን፣ ክሩ በጣት ሳይያዝ በሚመታበት ጊዜ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በዚያ ዘመን በነበሩ የጃፓንና የአውሮፓ ጊታሮች ላይ በብዛት ይገኛል፤ ስትራቶካስተር በተባለው የፌንደር ሞዴል ላይ ግን የለም። ከዚህም ሌላ ስትራቶካስተር ሦስቱን ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን ዕቃዎች) በአንድ ዘንግ ሲያማርጥ፣ የእርስዎ ጊታር ለእያንዳንዱ ፒክአፕ ለብቻው ማብሪያና ማጥፊያ አለው። እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ ሰው «ጃጓርስ?» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። በ1962 የወጣው የፌንደር ጃጓር እውነትም ለየፒክአፑ ማብሪያ አለው፤ ነገር ግን ፒክአፖቹ ሁለት እንጂ ሦስት አይደሉም፣ ዜሮ ፍሬትም የለውም።

ራሱ ላይ ላለው ጽሑፍ ምንም ክብደት አልሰጠውም፤ ተለጣፊ ጽሑፍ ማንም ሊያሳትመው ይችላል። ትኩረቴን የሳበው በጽሑፉ ዙሪያ ያለው እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ መምሰሉ ነው። ማታ መብራት አጥፍተው የስልክዎን መብራት ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር አግድም አድርገው ያብሩበት። የዚያ ዘመን የጃፓን ጊታሮች ስማቸው ብዙ ጊዜ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ ይጣበቅ ወይም በጥቃቅን ሚስማር ይመታ ስለነበር፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን የተደፈኑ ቀዳዳዎች ወይም የቀድሞው ስም ቅርጽ ብቅ ይላል።

ቀጥሎ የክሩን ርዝመት ይለኩ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ስለሚለጠጥ የብረት ሜትር ይጠቀሙ። ከዜሮ ፍሬቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውን ርቀት ለክተው በሁለት ያባዙት። የስትራቶካስተር ልክ 648 ሚሊሜትር፣ የሌላው አሜሪካዊ አምራች የጊብሰን 628 ገደማ፣ የጃጓር ደግሞ 610 ገደማ ነው። ልኩ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር ካልገጠመ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል፤ ከገጠመ ግን ምንም አላረጋገጠም፣ ምክንያቱም ቅጂ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ልኩን ይገለብጡታል።

ቁርጡ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። መጀመሪያ ክሮቹን ሁሉ ቀስ በቀስ ያላሉ፤ ክሩ እንደተወጠረ የአንገቱን ብሎን መፍታት እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ካቻቢቴው የብሎኑን ራስ በልኩ የሚሞላ ይሁን፤ ብሎኖቹንም እያንዳንዳቸው ከየት እንደወጡ ምልክት ያድርጉባቸው። ፒክአፖቹ የተቀመጡበትን ጉድጓድ ሲያዩ ግድግዳው ድርብርብ ሆኖ ከታየ አካሉ ኮምፔንሳቶ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የአሜሪካን ፌንደርነቱ ወሬ እዚያው ያበቃል፣ የዚያ ዘመን ስትራቶካስተር የሚሠራው ከጥፍጥፍ ሳይሆን ከሙሉ እንጨት ነበርና። በፎቶው የሚታየው ቀይ ቀለም በኋላ የተቀባ ስለሚመስል ከውጭ ይህን ማየት አይቻልም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ቀለም ጭምር ተርፎ ይገኛል። የአንገቱ ተረከዝ (ከአካሉ ጋር የሚገጥመው ጫፍ) ላይ ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ነገር ካለ ሳይጠርጉት ፎቶ ያንሡት።

የቮሊዩምና የቶን መቆጣጠሪያዎቹን ጀርባም ይመልከቱ። በአሜሪካ መቆጣጠሪያዎች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አምራቹን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 1376624 የሚለው ሲቲኤስ በተባለው አምራች በ1966 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ዕቃ ነው። ይህ ግን የዕቃውን ዕድሜ እንጂ የጊታሩን አይናገርም። በእኛ አካባቢ ያረጀ መቆጣጠሪያ ከተበላሸ ራዲዮ ወይም ቴፕ በተነቀለ መተካት የተለመደ ስለሆነ፣ ብየዳው ያልተነካ መሆኑን ሳያዩ ቁጥሩን አይመኑ።

አሮጌ ጊታር ወሎ የገባበት መንገድ ብዙ ነው፤ በባቲ በኩል ከአሰብ በሚመጣው መንገድ የገባ አለ፣ በደርግ ዘመን ለኪነት ቡድኖች የመጣ አለ፣ ከጂዳ ተመላሾች ይዘውት የመጡትም አለ። ስለዚህ «ከአሜሪካ የመጣ» መሆኑ አሜሪካ ለመሠራቱ ማስረጃ አይሆንም። የኬብሉ መሰኪያ የተለመደው ክብ ጃክ ሳይሆን ባለ አምስት እግር ሆኖ ቢያገኙት ግን ግምቴን ወደ ምሥራቅ አውሮፓ አዞራለሁ፤ በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ኡራል እንዲህ ያለ መሰኪያ ነበረው። የምሥራቅ ጀርመኑን ሙዚማንና የቼኮዝሎቫኪያውን ዮላናንም ያን ጊዜ እናስባቸዋለን። ከአገሩ ስም ጋር የተያያዘ አንድ ጥቅም አለ፤ አንድ ዕቃ ላይ «ምዕራብ ጀርመን» ተብሎ ከተጻፈ ከ1990 ወዲህ፣ «ቼኮዝሎቫኪያ» ከተባለም ከ1992 ወዲህ የተሠራ ሊሆን አይችልም።

ሞዴሉን በተመለከተ ብዙ ተስፋ ባልሰጥዎ ይሻላል። በ1946 ተመሥርቶ በ1967 ወደ ሌላው የጃፓን አምራች ወደ ካዋይ የተጠቃለለውን ቴይስኮን የመሰሉ የጃፓን አምራቾች አንዱኑ ጊታር ለተለያዩ አስመጪዎች በየራሳቸው ስም እየለጠፉ ይሸጡ ነበር፤ ብዙዎቹም ዓመቱን የሚናገር መለያ ቁጥር አልነበራቸውም። አንድ ዓይነት ጊታር ሦስት አራት ስም ሊኖረው ስለሚችል «ጃፓን፣ ይህ ፋብሪካ፣ ይህ ዘመን ገደማ» ማለት ከቻልን ጥሩ ደርሰናል። አዲስ ጊታር ላላቸው አባላት ነገሩ ይቀላል፦ ቁጥሩ በ«አይ ሲ ኤስ» የሚጀምር ስኳየር (የፌንደር ርካሽ ምርት) የኢንዶኔዥያ፣ በ«ኤም ዜድ» የሚጀምር ፌንደር የ2000ዎቹ የሜክሲኮ ሥራ ነው።

ጊታሩ ፌንደር አለመሆኑ ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ በፌንደር ሒሳብ ከፍለው ከሆነ ግን ከሻጩ ጋር መነጋገር ይገባዎታል። ፒክአፖቹን «ደካማ ናቸው» ብሎ በአዲስ እንዲቀይር ለማንም አይስጡ፤ ወርቃማ ሽፋን ያላቸው የዚያ ዘመን የቴይስኮ ፒክአፖች ዛሬ በውጭ አገር ለብቻቸው የሚፈለጉ ናቸው፤ ለእኔ ጆሮ ደግሞ የባቲንና የአምባሰልን ዜማ ጥርት አድርገው ያወጣሉ። ሲከፍቱት የፒክአፖቹን ጀርባ፣ የአንገቱን ተረከዝና የላሜራውን የውስጥ ገጽ ፎቶ እዚሁ ይለጥፉልን፤ ላሜራው አንዳንድ ጊዜ ተገልብጦ ስለሚታሰር «ጃፓን» የሚለው ጽሑፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊገኝ ይችላል። ቀዩን ቀለም እስከዚያ አይፋቁት፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ራሱ ከማስረጃዎቻችን አንዱ ነው።