ስልኬን ጡት መያዣዬ ውስጥ ማስቀመጤ ይጎዳኛል?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ ሕንፃ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለው ወለል የልብስ መደብር አለኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ ጣሪያ ላይ የስልክ አንቴና ስለተተከለ ጎረቤቶቼ «ካንሰር ያመጣል» ብለው ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። እኔ ሌባ እንዳይወስድብኝ ስልኬን ቀኑን ሙሉ ጡት መያዣዬ ውስጥ አኖረዋለሁ። ሰሞኑን ግራ ጡቴን ያመኛል። ጨረሩ ይሆን? (የ36 ዓመት ሴት)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት ስልክዎን ከደረትዎ ያውጡት። ጎረቤቶችዎ የፈሩት ማዶ ያለውን ነው፤ ከሁለቱ ለሰውነትዎ ብዙ ጨረር የሚሰጠው ግን ቆዳዎን የነካው ነው።

ጨረር በርቀት ቶሎ ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። እርስዎ ደግሞ ከብዙ ኮንክሪት ጀርባ ነዎት። ችግሩም ይኸው ኮንክሪት ነው። ስልክ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ፣ ሩቅ ያለን ሰው እንደሚጣራ ሰው ኃይሉን ይጨምራል፤ ኔትወርክ በሞላበት ግን ከመቶ እጥፍ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። አንቴናው ቢነሳላችሁ የእርስዎ ስልክ ይበልጥ ይጮኻል።

ደረታቸውን ላዳምጥ ስል ብዙ እናቶች ስልካቸውን ከጡት መያዣቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡታል። አንዳንዱ በላብ ወርዝቶና ሞቆ ነው የሚወጣው። ያ ሙቀት በአብዛኛው የባትሪውና የውስጥ ክፍሎቹ ነው፤ ያም ሆኖ ሲያወጡት ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል።

የስልክ ጨረር እንደ ራጅ ዘረ መልን የሚሰብር አይደለም፤ በማያሻማ ሁኔታ የታወቀው ውጤቱ ማሞቅ ነው። መላ ሰውነት በኪሎ ግራም 4 ዋት ገደማ ሲቀበል ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ይህ ለ50 ተካፍሎ ለሕዝብ የሚፈቀደው 0.08 ዋት ሆነ። ስልክ ለሚጠጋቸው ለጭንቅላትና ለደረት ዓለም አቀፉ ገደብ፣ በ10 ግራም የሰውነት ክፍል አማካይ ሲሰላ፣ በኪሎ ግራም 2 ዋት ነው፤ አሜሪካ በ1 ግራም አስልታ 1.6 ዋት ትላለች። በብዙ ስልኮች *#07# ሲደውሉ የእርስዎ ስልክ ለሰውነት የሚሰጠውን የጨረር መጠን (SAR) ያያሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ለደረት የሚሰጠው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ስልኩ ከሰውነት ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው። ጡት መያዣ ውስጥ ያ ክፍተት የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይ አይፎን 12ን ከእጅና እግር ጋር አጣብቃ ስትለካ፣ ለእነዚህ ክፍሎች በኪሎ ግራም ከ4 ዋት መብለጥ የሌለበት 5.74 ሆኖ ስላገኘችው ሽያጩን አግዳ ነበር፤ አፕል በሶፍትዌር ማሻሻያ አስተካከለው። ገደቡ ሰፊ መጠባበቂያ ስላለው ይህ ማለት ሰው ታመመ ማለት አይደለም።

ካንሰርን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ጨረር «ምናልባት ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው መካከል መድቦታል። የሬት ዘመድ የሆነው የአሎ ቬራ ሙሉ ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ድርጅቱ ያስጠናውና በ2024 የወጣው ሰፊ ግምገማ ደግሞ በሞባይል ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ስለዚህ እንቅልፍ አይጡ። ስልኩን በወገብ ቦርሳ ወይም ቁልፍ ባለው መሳቢያ ያኑሩት፤ ረዘም ያለ ወሬ ካለዎት ወደ ደረጃው ወጥተው፣ በማዳመጫ ያውሩ።

ከጨረሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ሕመምዎ ነው። ከወር አበባ በፊት የሚብስና በኋላ የሚቀል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ነው፤ የስልኩ ጠርዝ ቀኑን ሙሉ መጫኑም ሊያሳምም ይችላል። ጠጠር ያለ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ካዩ ግን በዚሁ ሳምንት ይመርመሩ። ምንም ባያዩም፣ ስልኩን ካወጡት በኋላ ሕመሙ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ «ጨረሩ ነው» ብለው አይቀመጡ፤ ሐኪም በእጁ ይመርምርዎት፣ ካስፈለገም አልትራሳውንድ ይነሡ።